ግድግዳ ውስጥ የቆየው ቁርኣን፦ ወደ ኩታር መንደር የተደረገ ጉዞ

የአንደሉስ ነገር በተነሳ ቁጥር አብዛኞቻችን የምናስበው የቆርጡባን ታላቁን መስጂድና የግራናዳውን አልሐምራ ነው። ማሰባችንም ተገቢ ነው። ይሁንና ሁለቱም የነገሥታት ሥራ ናቸው። አንደሉስ ደግሞ የነገሥታት ብቻ አልነበረችም። በየኮረብታው ላይ ወይን የሚተክል፣ በለስ የሚያደርቅ፣ የልጆቹን ኒካህ የሚያስር፣ ሟቹን ሸሪዓው በሚያዘው መሠረት የሚቀብርና ውርሱን የሚያካፍል ገበሬ ነበረባት። ስለዚህ ዛሬ ቤተ መንግሥት ወደሌለባት፣ በካርታ ላይ እንኳ በጭንቅ ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ መንደር እንወጣለን። ስሟ ኩታር ይባላል። በዚህ ንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሒጅራ ብለን ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩታር የምትገኘው በደቡብ እስፔን በማላጋ አውራጃ ነው። መንገደኛው ከማላጋ ወደብ ተነስቶ ባሕሩን በቀኝ እጁ እያየ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ ቬሌዝ ማላጋ ሲደርስ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞርና የቤናማርጎሳን ሸለቆ ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ከሸለቆው ግርጌ የሎሚ፣ የማንጎና የአቮካዶ እርሻ ነው። ከፍ እያለ ሲሄድ እርጥበቱ ይቀርና ዳገቱን ወይራ፣ ለውዝና ወይን ይሸፍነዋል። መንደሯ ከኮረብታው ጎን እንደ ተለጠፈች ትታያለች። ነዋሪዋ ስድስት መቶ ቢሆን ነው። ቤቶቹ በሙሉ በኖራ የነጡ ናቸው፤ መተላለፊያዎቹ የተጫነች በቅሎ ለማሳለፍ ያህል ብቻ የተተዉ፣ ጠማማና ደረጃ የበዛባቸው ናቸው። የሐረር ጀጎልን ውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚያውቅ ሰው እንግድነት አይሰማውም።

የአካባቢው ስም ራሱ የእኛ ወገኖች ያወጡት ነው። አገሩ "አክሳርኪያ" ይባላል፤ "አሽ-ሸርቂያ" ማለት ነው፣ የምሥራቁ ወገን። በዙሪያው ያሉትን መንደሮች ስም ብንጠራ ቤናማርጎሳ፣ ቤናሞካራ፣ ቤናኬ፣ ቤናጋልቦን እያልን እንቀጥላለን፤ መነሻቸው ሁሉ የ"እገሌ ልጆች" የሚለው የዐረብኛ አጠራር ነው። ሰዎቹ ከሄዱ አራት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፏል፣ ስማቸው ግን በመንገድ ምልክቶች ላይ እንደተጻፈ ነው።

ታላቁ ተጓዥ ኢብኑ በጡጣ በዚህ በኩል አልፏል። ጊዜው 1350 ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በዘይላዕ በኩል ያለፈው፣ በከተማይቱ የሚታረደው ግመልና የዓሣው ሽታ ቢያስመርረው በመርከብ ላይ ማደርን የመረጠው ያው ሰው ነው። በአንደሉስ ግን የሚያማርረው አላገኘም። የማላጋን ወይን፣ በለስና ለውዝ፣ ወርቅ የመሰለውን የሸክላ ዕቃዋን አመስግኖ ጽፏል። ከዚያ በለሽ ወደተባለችው ከተማ ተሻገረ፤ ይህች የዛሬዋ ቬሌዝ ማላጋ ናት። መስጂዷን አድንቆ፣ ፍሬዋም እንደ ማላጋ መሆኑን መዝግቦ ወደ ግራናዳ አቅጣጫ ቀጠለ። የኩታር ዳገቶች ከመንገዱ ብዙም አይርቁም።

ያ ወይን ዛሬም አለ። የአክሳርኪያ ገበሬ በነሐሴና በመስከረም የለቀመውን ወይን ፀሐይ በሚመታው ተዳፋት ላይ በተሠሩ መደቦች ዘርግቶ ዘቢብ ያደርገዋል። ዳገቱ ማሽን ስለማያስገባ ሥራው በእጅና በበቅሎ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ይህን የዘቢብ አሠራር በ2017 ከዓለም ጠቃሚ የእርሻ ቅርሶች ተራ አስገብቶታል። እኛ ቤት በመውሊድና በዒድ የምናቀርበው ዘቢብ ከስሙ ጀምሮ የዐረብ መሆኑን እናስታውስ።

ስለ ቃላት ካነሳን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። የእስፔን ሰው ስኳርን "አዙካር"፣ ዘይትን "አሴይቴ"፣ ሩዝን "አሮዝ"፣ መጋዘንን "አልማሴን"፣ ታሪፍን "ታሪፋ" ይለዋል። እነዚህ ቃላት ወደ አማርኛ በዐረብም በኢጣሊያም በኩል ይምጡ፣ ሥራቸው አንድ ነው። የመንደሩን ሹም "አልካልዴ" ሲለው "አል-ቃዲ" ማለቱ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን "ምነው በሆነልኝ" ለማለት "ኦሃላ" ማለቱ ነው፤ "አላህ ቢሻ" ከሚለው የወጣ ቃል ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆሞ ስለ ዝናብ የሚመኘው ገበሬ ሳያውቀው የአላህን ስም ይጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። በ2003 በኩታር አንድ አሮጌ ቤት ሲታደስ ነበር። ሠራተኞች ግድግዳውን ሲያፈርሱ ተደፍኖ የቆየ ቦታ አገኙ፤ በውስጡም ሦስት የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት ነበሩ። ጽሑፉ ዐረብኛ ነበር። መጻሕፍቱ በባለሙያዎች እጅ ገብተው ሲመረመሩ አንደኛው ቅዱስ ቁርኣን ሆኖ ተገኘ፤ ዕድሜውም እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ አልሙዋሒዶች ዘመን እንደሚደርስ ተገመተ። ሁለቱ ደግሞ አንድ የመንደር ፈቂህ ለዕለት ሥራው ያሰባሰባቸው ጽሑፎች ነበሩ። የፈቂሁ ስም ሙሐመድ አል-ጀያር ይባላል።

"ጀያር" በዐረብኛ ኖራ የሚያቃጥል፣ በኖራ የሚሠራ ማለት ነው። ከቤተሰቡ ሙያ የመጣ ስም ይመስላል። ኖራ በተቀባ ግድግዳ ውስጥ መጽሐፉ መገኘቱን ስናስብ አጋጣሚው ያስገርመናል።

አል-ጀያር በታሪክ መጻሕፍት ስማቸው ከሚነሳ ዑለማ አንዱ አይደለም። ትልቅ ኪታብ አልደረሰም፣ ከሡልጣን ጋርም አልተቀመጠም። በመጻሕፍቱ ውስጥ ያለው የውርስ አከፋፈል ስሌት፣ የውል አጻጻፍ ናሙና፣ ኹጥባ፣ ሐዲሥ፣ ዱዓና ግጥም ነው። ይኸውም አንድ የገጠር ሰው ወደ ዓሊሙ ቤት የሚመጣበት ጉዳይ ሁሉ ማለት ነው። አባቱ የሞተበት ይመጣል፣ ወንድ ይህን ያህል ሴት ይህን ያህል ተብሎ ይከፈልለታል። ልጁን የሚድር ይመጣል፣ መህሩ ይጻፍለታል። እንዲህ ዓይነት ሰው በወሎም፣ በጅማም፣ በባሌም የማያውቅ አድማጭ አለ ብለን አንገምትም።

ይሁን እንጂ አል-ጀያር የኖረበት ዘመን ሌላ ነበር። ቬሌዝ ማላጋ በሚያዝያ 1487 በንጉሥ ፈርዲናንድ ጦር እጅ ወደቀች፤ ማላጋም በነሐሴ ወር ተከተለች። ማላጋ እስከ መጨረሻ ስለተዋጋች ሕዝቧ አብዛኛው በባርነት ተሸጠ። የአክሳርኪያ መንደሮች ግን በውል ስለገቡ በሃይማኖታቸው፣ በመስጂዳቸውና በቃዲያቸው እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው። እንዲህ በክርስቲያን ንጉሥ ሥር በውል የሚኖረው ሙስሊም "ሙደጀን" ይባል ነበር። ስለዚህ አል-ጀያር ውርስ ያካፍል የነበረው፣ ኹጥባ ያደርግ የነበረው ከመንግሥቱ ውድቀት በኋላ ነው። ሡልጣን የለም፣ ጦር የለም፤ ዲኑን በሥራ ላይ ያቆየው የመንደሩ ፈቂህና ብዕሩ ነበር። በዚህ ረገድ አል-ጀያርን ከብዙ አሚሮች የበለጠ ልናከብረው ይገባል እንላለን።

ጥር 2 ቀን 1492፣ ረቢዑል አወል 897 ሒጅራ፣ ግራናዳም ገባች። የእርሷም ውል ሃይማኖትን፣ መስጂድንና ንብረትን የሚያከብር ነበር። ውሉ ስምንት ዓመት አልሞላውም ማለት ይቻላል። በ1499 መገባደጃ ካርዲናል ሲስኔሮስ ወደ ግራናዳ መጥቶ ሕዝቡን በጅምላ ማጥመቅ ጀመረ። የአልባይሲን ሰፈር ሰው ተነሳ፤ አመፁ ወደ ተራሮቹ ተዛመተ። ነገሥታቱም "ያመፀ ሕዝብ ውሉን አፍርሷል" አሉ፤ ውሉን መጀመሪያ ማን እንዳፈረሰው ግን አላነሱም። የተረፈው ምርጫ ጥምቀት ወይም ስደት ሆነ። በ1501 በግራናዳ ግዛት ያለ ቁርኣንና የዲን መጽሐፍ ሁሉ ተሰብስቦ እንዲቃጠል ትእዛዝ ወጣ። በየካቲት 1502 ደግሞ አዋጁ ወደ መላው ካስቲያ ተስፋፋ።

ቢብ-ራምብላ በተባለው የግራናዳ አደባባይ የተቃጠለውን የመጻሕፍት ክምር ታሪክ ጸሐፊዎች በየፊናቸው ይገምታሉ። ቁጥሩን እንተወው። የሕክምና መጻሕፍት ብቻ ከእሳቱ ወጥተው ወደ አልካላ ተላኩ ይባላል።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ በየመንደሩ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? መጽሐፉን ቢያስረክብ ይቃጠላል። ይዞ ቢገኝ እርሱ ይጠየቃል። የመርማሪዎች ሸንጎም በ1526 ወደ ግራናዳ ገባ። ምሁራን የኩታር መጻሕፍት የተደበቁት በ1500 ግድም እንደሆነ ይገምታሉ። አንድ ሰው ያን ጊዜ እንኳ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈውን፣ ከአባት ለልጅ የመጣውን ሙስሐፍ ከሁለቱ ጥራዞች ጋር ግድግዳው ውስጥ አስቀመጠ። ከዚያ ጭቃውን አቦካ፣ ደፈነው፣ ኖራ ቀባው። መጽሐፍ የሚጥል ሰው እንዲህ አይደክምም። ተመልሶ የሚያወጣው መስሎት ነበር።

ከቦታው ያልተለየው ሕዝብ በስም ክርስቲያን ሆነ፤ "ሞሪስኮ" ተባለ። ልጁ ሲወለድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስደዋል፣ ቤቱ ሲመለስ ቅባቱን በሙቅ ውኃ ያጥባል። የውጭ ስሙ ፍራንሲስኮ፣ የቤት ስሙ ሙሐመድ። በዚህ ጭንቅ ውስጥ ላሉ ሰዎች በ1504 ከባሕር ማዶ አንድ ፈትዋ ተጻፈላቸው። ጸሐፊው የወህራኑ ሙፍቲ በመባል የሚታወቁት አሕመድ ኢብን አቢ ጁሙዓ ናቸው። ዋና ሐሳቡን በራሳችን ቃል እናቅርበው። ሰላትን በምልክትም ቢሆን አትተዉ፤ ቀን ቢከለክሏችሁ ሌሊት ቀዷ አውጡ። ውኃ ከተከለከላችሁ እጃችሁን ግድግዳ አስነክታችሁ ተየመሙ። ዘካን ስጦታ አስመስላችሁም ቢሆን ለድሃ ስጡ። አስካሪ ወይም የአሳማ ሥጋ ቢያስገድዷችሁ በልባችሁ እየጠላችሁት ውሰዱ። ሙፍቲው "ጉረባእ" ብለው ነው የጠሯቸው፤ በገዛ አገራቸው ባዕድ የሆኑ ማለት ነው።

ሌሎች ዑለማ ግን ሙስሊም በእንዲህ ያለ አገር መቀመጥ የለበትም፣ ሒጅራ ግዴታው ነው ብለው ነበር። የፌዙ ሊቅ አል-ወንሸሪሲ ከእነዚህ ዋነኛው ናቸው። እኛ በዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት አንቀመጥም፤ ነገር ግን መርከብ የሚሳፈርበት ገንዘብ ያልነበረውን፣ አሮጊት እናቱን የሚያስታምመውን የኩታር ገበሬ ስናስብ የወህራኑ ሙፍቲ ልብ ለእርሱ ቀርቦ ይታየናል።

ጊዜው እየገፋ ሲሄድ በአንዳንድ ስፍራ በተለይም በሰሜን በአራጎን፣ ሕዝቡ ዐረብኛ መናገር ቢረሳም ፊደሉን አልለቀቀም። የእስፔንን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ጀመረ። "አልሃሚያዶ" ይባላል፤ "ዐጀሚያ" ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የወሎ መሻይኾች አማርኛውን መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ጽፈው "ዐጀሚ" ብለው ያቆዩልንን ለሚያውቅ ወገን ነገሩ ማብራሪያ አያሻውም። በ1884 በአራጎን በአልሞናሲድ ደ ላ ሲየራ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከወለሉ በታች ከተሠራ ሐሰተኛ ወለል መጻሕፍት ተዘረገፉ። በርካቶቹ በዚሁ በአልሃሚያዶ የተጻፉ ነበሩ። ስለዚህ ኩታር ብቻዋን አይደለችም።

ጥር 1 ቀን 1567 በግራናዳ ሌላ አዋጅ ተነገረ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁሉም ካስቲያንኛ ይማር፤ ዐረብኛ መናገርም መጻፍም ይቅር። የሴቶች መሸፈኛ ይቅር። ሐማሞች ይፍረሱ። በጁሙዓና በሠርግ ቀን የቤት በር ተከፍቶ ይዋል። የቤት በር! አዋጁ ያነጣጠረው በመስጂድ ላይ እንዳይመስለን፤ መስጂዱ ካለቀ ቆይቷል። የቀረው ቤት ነበር፤ እናት፣ አያት፣ የሠርግ ዘፈን፣ የአርብ ትጥበት።

ፍራንሲስኮ ኑኜዝ ሙሌይ የተባለ አንድ ሽማግሌ ሞሪስኮ ለመንግሥት ሹሞች የተቃውሞ ጽሑፍ አቀረበ። ክርክሩ ብልህ ነበር። ልብስ የአገር ነው እንጂ የሃይማኖት አይደለም፤ በምሥራቅ ያሉ ክርስቲያኖችም ዐረብኛ ይናገራሉ፣ እኛን የመሰለ ይለብሳሉ፤ ታዲያ ዐረብኛ ክርስትናን ያፈርሳል ወይ? ሲል ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም። በ1568 የገና ሰሞን የአልፑሃራ ተራሮች ተነሱ።

የእኛ አክሳርኪያ ጥቂት ወራት ዘገየች፤ በ1569 የጸደይ ወራት ግን የቤንቶሚዝ ተራራ መንደሮች ተከተሉ። ሴቱም ሕፃኑም እየተሰደደ ከፍሪሂሊያና በላይ ባለው አምባ ተሰበሰበ። ሰኔ 11 ቀን 1569 ሉዊስ ደ ረከሰንስ ከኢጣሊያ በመርከብ ያመጣቸውን ልምድ ያላቸው ወታደሮች ይዞ አምባውን ወጋ። የዘመኑ ጸሐፊ ሉዊስ ደል ማርሞል ካርቫሃል ነገሩን በዝርዝር ጽፎታል፤ ሙስሊሞችን የማይወድ ሰው ቢሆንም ሴቶቹ ከወንዶች ጎን ድንጋይ እያንከባለሉ መዋጋታቸውን አልደበቀም። የሞቱት ወደ 2,000 ይገመታሉ። እጅ ላለመስጠት ከገደሉ ራሳቸውን የወረወሩ ነበሩ። ዛሬ ፍሪሂሊያና አበባ በተሞሉ መስኮቶቿ የምትታወቅ የቱሪስት ከተማ ናት፤ የዚያን ቀን ታሪክ በየግድግዳው በተለጠፉ ባለሥዕል የሸክላ ጡቦች ላይ እየተዘዋወሩ ማንበብ ይቻላል።

አመፁ ሲያልቅ ቅጣቱ በመላው ሕዝብ ላይ ወደቀ። ከኅዳር 1570 ጀምሮ የግራናዳ ግዛት ሞሪስኮዎች፣ ያመፀውም ያላመፀውም፣ እየታሰሩ በክረምት ወደ ሰሜን ተነዱ። ቁጥራቸው በጠቅላላው ወደ 80,000 ይገመታል፤ በመንገድ በብርድና በበሽታ ያለቀው ብዙ ነው። ባዶ የቀሩት ቤቶችና እርሻዎች ከሌላ አገር ለመጡ ሰፋሪዎች ተከፋፈሉ። ከ1609 እስከ 1614 ደግሞ በመላው እስፔን የቀሩት 300,000 ያህል ሰዎች ወደ ሰሜን አፍሪካ ተባረሩ። በቱኒዝ፣ በቲትዋንና በራባት የአንደሉስ ስም ያላቸው ቤተሰቦች ዛሬም አሉ።

በአክሳርኪያ ኮረብታዎች ላይ መንገደኛው የሚያየው የዚህን ሁሉ ትራፊ ነው። በአርቼዝና በሳላሬስ መንደሮች ሁለት የጡብ ሚናራዎች ቆመዋል። የአርቼዙ ጡቡ እንደ ጥልፍ የተጠለፈ ነው። ሁለቱም ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚደወልባቸው ናቸው። ሚናራ ሳይፈርስ መቆየቱ እንዲህ ሆኖ ነውና ሲያዩት ደስታና ኀዘን ይቀላቀላሉ።

ኩታር ውስጥም የዐረብ ምንጭ እየተባለ የሚጠራ አሮጌ ምንጭ አለ። በየዓመቱ በጥቅምት "የሞንፊ በዓል" ይከበራል። "መንፊ" በዐረብኛ የተሰደደ ማለት ነው፤ ቤቱን ትቶ በተራራ የሸፈተው ሙስሊም በእስፔኖች አፍ "ሞንፊ" ተባለ። ያን ጊዜ ጭንቅላቱ ይሸጥ የነበረው ሽፍታ አሁን የበዓሉ ጌጥ ሆኗል፤ ወጣቶች ጥምጣም ጠምጥመው ይዞራሉ፣ የዐረብ ጣፋጭ ይሸጣል። አንዳንድ ወገኖች ይህን እንደ ንቀት ያዩታል። እኛ እንደዚያ አናየውም፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ስሙ የማይነሳ ሰው በገዛ መንደሩ ስሙ ሲነሳ መስማት ከዝምታው ይሻላል። ጥምጣሙን ግን ትንሽ ቢያሳንሱት ባልከፋ ነበር።

መጻሕፍቱ ተመርምረውና ተጠግነው በማላጋ የአውራጃው የታሪክ መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል። ለተመራማሪዎች እንዲመች አምሳያ ቅጂም ታትሟል። መጻሕፍቱ በተገኙበት በዚያው በ2003 ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ በግራናዳ በአልባይሲን ሰፈር አልሐምራን ፊት ለፊት የሚያይ አዲስ መስጂድ ተከፈተ። በሰፈሩ በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ሙአዚኑ ሚናራው ላይ ወጥቶ ያለ ድምፅ ማጉያ በገዛ ጉሮሮው ዐዛን ይላል።

ኩታርን ለማየት የሚሄድ ሰው ካለ በነሐሴ መጨረሻ ቢሄድ ይሻለዋል። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ግን ወይኑ በመደቦቹ ላይ የሚሰጣው ያን ጊዜ ነው። ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ይሸፍኑታል፣ ጠዋት ይገልጡታል፤ ዘለላዎቹ አንድ በአንድ በእጅ ይገለበጣሉ።